ስምዎ ከጣሪያው ላይ፣ ጂፕኒያችን ከዝናቡ ሥር

ይድረስ ለተከበሩ ካፒታን ኤውሎሂዮ ማግሲኖ
የፑንታ ማሊናው ቀበሌ ካፒታንና የጣሪያው ባለቤት

ጉዳዩ፦ ስለ ጋራዡ በጀት የልብ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ የክርስትና ልጄ ዳንቴም እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። ክንድዎ በየምርቃቱ ሪባን ለመቁረጥ፣ ፈገግታዎም በየሸራው ላይ ለመታተም እንዲበረታ ዘወትር እጸልያለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ከጣሪያ በስተቀር የጎደለብኝ ነገር የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት አበልጅ ሆነን «አንተ» ስንባባል ኖረን ዛሬ በአደባባይ «እርስዎ» ማለቴ ሊገርምዎ ይችላል፤ ሆኖም ያ «አንተ» የምለው ሰው የት እንደገባ ስለጠፋኝ፣ በወንበሩ ላይ ለተቀመጡት ባለሥልጣን መጻፍ ግድ ሆኖብኛል።

በሱቁ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩትን ይህን ደብዳቤ ቆመው ለሚያነቡ ጎረቤቶቼ ስል ነገሩን ከሥሩ ላስታውስ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወታደሮች ጥለውት ከሄዱት አንድ ጂፕ ተነስቶ፣ ከኋላ አስረዝሞ፣ ላሜራዋን በመዶሻ ቀጥቅጦ፣ ተሳፋሪ ፊት ለፊት ተፋጦ የሚቀመጥባትን ጂፕኒ ሠራ። ከወደቡ እስከ ገበያው ባለው መንገድ ላይ የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። እርስዎም ገና ሎሂ ተብለው በሚጠሩበት ዘመን ትምህርት ቤት የሚመላለሱት በእሷ ነበር፤ አባቴም ከእርስዎ አንዲት ሳንቲም ተቀብሎ አያውቅም። ይህን የማነሳው ሒሳብ ለመጠየቅ ሳይሆን መኪናዋን በደንብ እንደሚያውቋት ለመመስከር ነው።

እኔ በሙያዬ ጽሕፈት ቀቢ ነኝ። የሱቅ ስም፣ የጀልባ ስም፣ የጂፕኒ ግንባር እጽፋለሁ፤ ካለፉት ሁለት ምርጫዎች ወዲህ ደግሞ ከማንም ስም አብልጬ የጻፍኩት የእርስዎን ነው። ከመካኒኩ ከማንግ ቶርኳቶ ጋር ሆነን፣ የሩዝ ወፍጮ ቤቱ ባለቤት በፈቀዱልን ደረቅ መጠለያ ውስጥ፣ በስድስት ዓመት ሞተሯንና ፍሬኗን ጨርሰን የቀረን አካሏ ብቻ ነበር። አሮጌውን ቀለም ፍቆ አዲስ ለመቀባት ግን ወፍጮ ቤቱ አይሆንም፤ የቀለም ብናኝ በሰው ሩዝ ላይ አይበተንም። ይህን ችግሬን ያማከርኩት እርስዎን ነበር።

በጥር ወር ስብሰባ ላይ እጅዎን ትከሻዬ ላይ ጥለው በቀበሌው ሕዝብ ፊት የተናገሩት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «አበልጄ የቀበሌያችንን ቅርስ እያደሰ ነው። ከበጀታችን ጋራዥ እንሠራለታለን። ለጠባቂያችን ለቅዱስ ሳን ሮኬ በዓል ሰልፉን የምትመራው እሷ ናት።» ሰዉ አጨበጨበ። እኔ አለቀስኩ። አሁን ሳስበው ከጠፋው ሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ያ እንባ ነው።

ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ በጀቱ አዘገጃጀት። የዕቃውን ዝርዝር የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤ ቆርቆሮ፣ ምሰሶ፣ ሲሚንቶ፣ የውኃ መውረጃ፣ በመጨረሻም ከቀለም በፊት የሚቀባው አንቲረስት። እርስዎም ጊዜዎን ሰውተው ዝርዝሩን መስመር በመስመር ካዩ በኋላ አንቲረስቱን በገዛ ብዕርዎ ሰረዙት። አዲስ ቆርቆሮ ያለ እሱ ቀለም እንደማይዝ ብነግርዎ «ተወው ባክህ አበልጅ፣ ቆርቆሮ ደግሞ ምን የውስጥ ልብስ ያስፈልገዋል?» አሉኝና ሁላችንም ሳቅን። በምትኩ በወለሉ ሁለት ጫፍ ላይ የሚተከሉ ሁለት ወፋፍራም የብረት ምሰሶዎች አስገቡ። እኔም በሰንሰለት ሞተር ማንሻ መስለውኝ ለማንግ ቶርኳቶ «እኛ ያላሰብነውን ካፒታኑ አሰቡልን» ብዬ አወራሁለት፤ ጉድጓዳቸውንም ሜትር ይዤ የለካሁት እኔው ነኝ። በጀቱ የጉልበት ዋጋ ስላልነበረው አሥራ ሁለት አንጋፋ ሾፌሮች ደቦ ወጥተው፣ ሩዝና ደረቅ ዓሣቸውን ከየቤታቸው ቋጥረው፣ ሲሚንቶውን በጠራራ ፀሐይ አቦኩት። ይህን ያህል ርካሽ ወለል በሌላ በየትኛውም ቀበሌ እንደማይገኝ በኩራት አረጋግጣለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ቃልዎ። የተራቆተ ብረት በባሕር አጠገብ አንድ ሳምንት እርጥበት እንደማይችል ማንም የጋራዥ ሰው ያውቀዋል። ማንግ ቶርኳቶም በመጋቢት «ስማ ፕሩዲን፣ ቆርቆሮው ሳይመታ ቀለሟን እንዳትነካ። እኔ ሎሂን አላምነውም» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ተቆጣሁት፤ ሁለት ቀንም አኮረፍኩት። ከዚያ ቢሮዎ መጥቼ ጣሪያው መቼ እንደሚያልቅ ስጠይቅዎ ምን እንዳሉኝ ያስታውሱ ይሆናል። «አንተ ብቻ ፍቅፈቃህን ጀምር። ሚያዝያ ሳይወጣ ጥላ ሥር ትገባለች። አበልጅህ አይደለሁም እንዴ?» እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ አበልጅነትን ጠርቶ የሚዋሽ ሰው መኖሩን እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቅም ነበር። መኪናዋን ከወፍጮ ቤቱ አውጥቼ ወደ ቀበሌው ባዶ ቦታ ወሰድኳትና መፋቅ ጀመርኩ።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ትንሽ ላቁም። በቀኝ በኩል ባለው ላሜራ ላይ፣ ሁላችንም ከምናውቀው «ሳን ሮኬ» ከሚለው ጽሕፈት በታች፣ ሰባት ድርብ ቀለም ወርጄ የአባቴን የመጀመሪያ ጽሕፈት አገኘሁ። «ሌዮኖር» ይላል። የእናቴ ስም ነው። እናቴ ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ስለደከመ እጇን ይዤ አመጣኋትና በጣቷ እየዳሰሰች ፊደሎቹን አንድ በአንድ አነበበቻቸው።

«ይሄ የኔ ስም ነው?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ።»

«ያ ዓይነ አፋር! አባቴን ፈርቶ ነው የቀባበት፤ ገና ሳንጋባ ነዋ። እስኪሞት አጠገቤ ተቀምጦ አንድ ቀን እንኳ አይነግረኝም?» አለችና ሳቀች፤ ደግሞም አለቀሰች። ቀጥላም «ለበዓሉ በዚች ነው የምሄደው። ከፊት ነው የምቀመጠው» አለች።

እርስዎም ወሬውን ሰምተው ከፎቶ አንሺ ጋር ደረሱ። እጇን ይዘው «እማማ ሌዮኖር፣ በበዓሉ ቀን እኔ ራሴ ነኝ የማጅብሽ» ብለው ፎቶ ተነሡ። ፎቶው አምሯል፤ እስከ ዛሬ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ምስጋናዬ ለዚህም ይድረስዎ።

ሦስተኛ፣ ስለ ምርቃቱ። ጣሪያው በሚያዝያ ሳይሆን በግንቦት ማለቂያ፣ ዝናቡ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ተመታ። እኔም አበልጅ ነኝና ያለ ክፍያ መሰላል ላይ ወጥቼ በሁለቱም ክንፉ ላይ ስምዎን ቁመቴን በሚያህሉ ፊደላት ጻፍኩ። «ጋራዥ» የሚለውን የት ላድርገው ብዬ ስጠይቅ «እሱ ይደርሳል» አሉኝ። ለካስ አይደርስም ነበር። በምርቃቱ ዕለት መኪናዋን ገፍተን አስገባናት፤ ሪባኑ አንዱ ጫፍ ከመስተዋቷ ጋር ታሰረ፤ እናቴ በፕላስቲክ ወንበር ከፊት ተቀመጠች፤ እርስዎም ቆረጡ። ጭብጨባው ሳያበቃ ወጣቶች መሰላል ይዘው መጡና በእነዚያ ሁለት ወፋፍራም ምሰሶዎች ላይ ሰሌዳና የቅርጫት ኳስ ቀለበት ገጠሙ። እርስዎም የመንደሮች ውድድር መከፈቱን አበሠሩ። ስጠጋዎ «ጨዋታ በሌለ ሰዓት ትገባለች፤ ጣሪያ ያው ጣሪያ ነው» አሉኝ።

ቅርጫት ኳስን የምጠላ ሰው እንዳልሆንኩ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። እኛ ኮኮናት ዛፍ ላይ እንኳ ቀለበት ካልሰቀልን እንቅልፍ የማይወስደን ሕዝብ ነን፤ ጥላ ያለው ሲሚንቶ ካገኘንማ ማን ይመልሰናል? ይህን እኔ ልብ ማለት ነበረብኝ፤ እርስዎ ግን ልብ ብለውታል፤ ድምፅ የሚሰጡት ወጣቶቹ መሆናቸውንም ጭምር። የጨዋታውን መርሐ ግብር በጥንቃቄ ባጠናው ሜዳው ባዶ የሚሆነው በእሑድ ቅዳሴ ሰዓት ብቻ ሆኖ አገኘሁት። እናም ያንን ሲሚንቶ ያቦኩ አሥራ ሁለት ሾፌሮች በገዛ ወለላቸው ላይ መኪናዋን ወደ ውጭ ገፏት። ሰኔ ሦስት ቀን ሲሆነው ዘነበ።

አራተኛ፣ ስለ ሸራው። ያን ዕለት ውኃ እየተንጠባጠብኩ ቢሮዎ ስገባ ባዶ እጄን አልመለሱኝም፤ ከምርጫው የተረፉ ሦስት የፕላስቲክ ሸራዎች ሰጡኝ። በእያንዳንዱ ላይ ፊትዎ የመኪናዋን በር ያህላል። የወፍጮ ቤቱ ጥግ በሩዝ ተይዞ ስለነበር ሌላ ምርጫ አልነበረኝም፤ አለበስኳት። ፕላስቲክ በራቁት ብረት ላይ ሲውል ከሥሩ እንደሚያልበው ባውቅም፣ ዝናቡ ሲጠና ገልጦ ማድረቅ አልተቻለም። በአሥራ አንደኛው ቀን ሸራውን ስገልጠው ፈገግታዎ ከላይ ደረቅ ነበር። ከሥሩ ግን አባቴ በመዶሻ የቀጠቀጠው፣ በዕድሜ የሳሳው ላሜራ ቀልቶ፣ በጣቴ ብነካው ጣቴ አለፈ። የእናቴ ስም መሐሉ አብጦ ከዝገቱ ጋር ተቀርፎ ወድቋል። የቀሩት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፊደል ናቸው። ቅርፊቱን ከመሬት ለቅሜ በጋዜጣ ጠቀለልኩት፤ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

አምስተኛው ከባድ ስለሆነ ባጭሩ እላለሁ። የበዓሉ ቀን እናቴ በማለዳ ተነሥታ ለሠርግ የምትለብሰውን ልብሷን ለበሰች፤ በር ላይ ወንበር አስወጥታም ተቀመጠች። አልነገርናትም ነበር፤ ደፋር ጠፋ። ሰልፉ ሲደርስ ከፊት የሚመራው ድምፅ ማጉያ የተሰቀለበት አዲሱ ነጭ መኪናዎ ነበር። እናቴ ጆሮዋን አቅንታ ሰማችና «ይሄ የሷ ድምፅ አይደለም» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ሎሂ የታለ? እኔ ራሴ ነኝ የማጅብሽ ብሎኝ ነበር እኮ» አለች።

እኔም «ሥራ በዝቶበት ነው እማዬ፣ ይቅርታ በልልኝ ብሏል» አልኳት። አላሉም። የሰማንያ ስምንት ዓመት እናቴን በበዓል ቀን፣ ያውም ለእርስዎ ክብር ስል ዋሸኋት። ዝገቱን ለዝናቡ እተውለታለሁ፤ ይህን ግን ለማን እንደምተወው አላውቅም። ከድተውኛል አበልጄ። በጨዋ ቋንቋ የምገልጽበትን መንገድ ብፈልግ አላገኘሁም።

ከእንግዲህ ከቀበሌው በጀት የምጠይቀው ነገር የለኝም። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ነገሩን ሰምተው «ብናኙን እንችለዋለን፤ ሩዙን በሌላው ጥግ እናደርገዋለን፤ አምጧት» ስላሉን መኪናዋ ወደ ደረቅ ቦታዋ ተመልሳለች። እኚህ ሰው ቃላቸውን የሰጡት ስብሰባ ሳይጠሩ፣ ፎቶ አንሺም ሳይዙ ነው፤ የአሠራር ጉድለት እንዳይባልባቸው እሰጋለሁ። ማንግ ቶርኳቶ አዲስ ላሜራ ይቀጠቅጥላታል፤ የአባቴ መዶሻ ምልክት ግን ተመልሶ አይመጣም።

ክቡርነትዎ ለቀጣዩ የሥልጣን ዘመን የሚበቃ ጤናና፣ ከጀርባዎ ፎቶ የሚነሣ ሌላ ቅርስ እንዳያጡ እየተመኘሁ፣ ለዳንቴ የክርስትና አባቱ ቤት በር እንደማይዘጋበት እንዲነግሩልኝ በትሕትና እለምናለሁ። እሱ ምንም አላደረገም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የጣሪያዎ ጽሕፈት ቀቢ፣ የምሰሶዎችዎ ለኪ፣ የሸራዎችዎ ተጠቃሚ፣
እስከ ግንቦት ማለቂያ ድረስ አበልጅዎ የነበረው
ፕሩደንሲዮ ዲማኖ

ግልባጭ፦
ለማንግ ቶርኳቶ፣ ነግሮኝ ነበርና
ለአሥራ ሁለቱ ሾፌሮች፣ ለወለሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በጣሪያው ላይ የጻፍኩት ስምዎ፣ ከበጀቱ በሰረዙት መሠረት፣ ያለ አንቲረስት በአዲስ ቆርቆሮ ላይ ተቀብቷል። እስከ ምርጫው ሁለት ክረምት ይቀራል። ትናንት ቀና ብዬ ሳየው የመጀመሪያው ፊደል ተልጦ በነፋስ ይወዛወዛል። በወቅቱ ስለ ስምዎ አዝኜ ከኪሴ የገዛሁት፣ ለመኪናዋ የማይበቃ አንድ ትንሽ ጣሳ አንቲረስት ነበረኝ፤ አንድ ቀን ወጥቼ አስተካክልልዎታለሁ ብዬ ያስቀመጥኩት። ዛሬ ጠዋት በእናቴ ሁለት ፊደላት ዙሪያ ቀብቼ ጨረስኩት።