ላብ ከጣና

የኔታ፣

ከኪዳን እስኪመለሱ ብጠብቅዎ የጎርጎራው ጀልባ ላይ መቀመጫ አላገኝም። እሑድ እመለሳለሁ።

ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ። ጨው ፍለጋ ጓዳውን እንዳያምሱ፤ ይዤው ሄጃለሁ። የግፊት ክኒንዎን ዳዊትዎ ላይ አስቀምጫለሁ፤ እሱን መቼም አይዘነጉትም። ሸራ ጫማዎን አራግፌ በሩ ሥር አድርጌዋለሁ፤ ሸረሪት ሊያደራበት ነበር።

ባለባጃጁ ሁሉንም ነግሮኛል። "ለግፊቴ ልራመድ" ብለው ይወጡና ሐይቁ ዳር ዋርካው ሥር ቁጭ ብለው ቅኔ ይቆጥራሉ። ከዚያ ግንባርዎን በሐይቁ ውኃ አርሰው በባጃጅ ይመለሳሉ። እኔ ሞኟ ደግሞ "እንዴት አድርጎ አልቦዎታል!" እያልሁ ፎጣ ሳቀብል ከረምሁ። ላብዎ ዓሣ ዓሣ ሲሸት እንኳ አልነቃሁም!

ትናንት ሐኪሟ "ይራመዳሉ?" ስትልዎ፣ እርስዎም "እንዴታ!" ሲሉ፣ እኔ ጣልቃ ገብቼ "ውሸታቸውን ነው" ማለቴ ግን…
ባልለው ይሻል ነበር። በሰው ፊት አይባልም።

እማዬም እኮ እንደ እርስዎ እንደ ወንድሟ "ምን ሆንሁና!" እንዳለች ነበር ግፊቱ…
ተዉት።

ጀልባው ጭኖ እስኪነሣ ይቆያል፤ ጫማዎን ለማሰር ጊዜ አለዎት። ሲነሣም ዳር ዳሩን ነው የሚያልፈው። እኔ ጀልባው ላይ በዋርካው በኩል ቆሜ አያለሁ። ነጭ ኩታዎን ከሩቅም ቢሆን አላጣውም።

ኩታው ሲራመድ ልየው።

ሸጊቱ