ከአናቱ የመጣው ሮዝ ድንጋይ

ጠበቃው፣ እንዴት ሰነበትክ?

የምጽፍልህ በካርዱ ላይ የምታየው ተራራ አናት ላይ ቁጭ ብዬ ነው።

ታላቅ ወንድሜ በሕይወት እያለ ያንን ሮዝ ድንጋይ ትምህርት ቤት በር ላይ አሳይቶን "ከተራራው ጫፍ ነው ያመጣሁት" ሲል፣ አንተ "ጋሼ፣ ከሥሩ ለቅመኸው ነው" ብለህ ሁሉንም አሳቅክ። እሱም አብሮ ሳቀ። እኔ ግን ከሞተ በኋላም ነገሩ ከሆዴ አልወጣም፤ ድንጋዩን ኪሴ ከትቼ መጣሁ።

ከታች ጀምሮ አለቱ ሁሉ ግራጫ ግራናይት ነው። አናቱ ሥር የትምህርት ቤታችንን የውሃ ማማ ሦስት እጥፍ የሚያህል ቀጥ ያለ ስንጥቅ አለ፤ መጀመሪያ የሞከሩት ሰዎች ሁለት ጊዜ ከዚያ ተመልሰዋል አሉ። እኔም መሃሉ ላይ ልመለስ አልኩ። መሪዬ ከላይ ገመዱን ወጠር አድርጎ "አይዞህ፣ አለቱ ሮዝ ሲሆን ደርሰሃል" አለኝ።

"ሮዙ ከታች የለም?" አልኩት።

"ከዚህ በላይ ብቻ ነው።"

የቀረውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም።

"ተንከባልሎ ወርዶ ቢሆንስ?" እንደምትል አውቃለሁ። ጠይቄልሃለሁ፤ የሚፈነቀለው ሁሉ የሚወድቀው ሰው በማይደርስበት በማዶው ገደል ነው። የወንድሜን ድንጋይ ከአለቱ ጋር አስጠግቼ አየሁት፤ አይለዩም። እዚሁ ልተወው ነበር፣ ግን ለማስረጃ መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ካርዱ ላይ ቦታ አልቆ ጠርዙ ላይ ነው የምጽፈው። ለእናትህ ሰላም በልልኝ። ካርዱን መጀመሪያ ለእማዬ አንብብላት፤ ቀጥሎ እዚያው ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመህ፣ በዚያው ድምፅህ፣ ወንድሜ ጫፍ መውጣቱን ለሁሉም ንገር።

የእሱ ታናሽ