ለሦስት ቀን ወደ ኦሳካ

ለእታለሜ፣ እህቴም እናቴም ለሆንሽው፤

እንደምን ሰነበትሽ አልልሽም፤ ያለሽበት ደህና እንደሆነ ቄሱ ነግረውኛል። ይልቅ የእኛን ልንገርሽ። ከተለየሽኝ ሰባት ወር ሞላ። ተዝካርሽን አወጣን፤ ሰው ሁሉ ጠላው ቀጠነ ብሎ አማ፣ ግን እንስራው ባዶ እስኪሆን ማንም አልተነሣም።

ጠይሟ ላም ወለደች። «እስክትወልድ እመለሳለሁ» ብለሽ ነበር። ጥጃዋን ኦሳካ ብያታለሁ። ምን ማለት ነው ሲሉኝ ከዳዊት ያገኘሁት ቃል ነው እላለሁ። ዳዊቱን ሳልጨርስ ከቆሎ ትምህርት ቤት መባረሬን የሚያውቁት ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ።

ይህን የምጽፍልሽ ለወሬ አይደለም፤ ሳልነግርሽ የሄድሽበት ነገር አለ።

ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ከደብረ ማርቆስ ገበያ የገዛሽውን አቡጀዲ ታስታውሻለሽ። ጣቃው ላይ ሥዕል ተለጥፎበት ነበር፤ ድልድይ፣ መርከብ፣ ጭስ የሚተፋ ረጅም ቤት። ነጋዴው ኦሳካ የሚባል የጃፓን ከተማ ነው፣ ከደብረ ማርቆስ መቶ እጅ ይበልጣል አለን። አንቺ ሥዕሉን ትተሽ ክሩን በጥፍርሽ መዘዝሽው። ቋጠሮ ብትፈልጊ አጣሽበት። አገር ያወቀሽ ፈታይ፣ «ይህችስ ሴት እጇ ይባረክ!» አልሽ። እጅ ሳይሆን የመፍተያ መኪና እንደፈተለው ሰምቼ ነበር፤ አልነገርሁሽም።

እንዲያውም ሴትዮዋን ፈጠርሁልሽ። ባለፈው ዓመት ጣሊያን መንገዱን ሲዘጋ፣ ጥጥ ጠፍቶ ፊትሽ ሲጠቁርብኝ፣ በሲጋራ ካርቶን ላይ ደብዳቤ ጻፍሁ። «ከኦሳካዋ ፈታይ ለጎጃሟ ፈታይ። ዝናሽን ሰማሁ፤ መጥተሽ ክር እናስተያይ» ይላል። አነበብሁልሽ። አማርኛ ማን አስተማራት ብትይኝ፣ እዚያ የሚኖር አንድ የጎጃም ደብተራ ነው የጻፈላት አልሁሽ። የጎጃም ደብተራ የማይደርስበት የለም ብለሽ አመንሽኝ።

መሳቂያ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። አንቺ ግን ስንቅ ጀመርሽ። ሦስት ቀን ብቻ አልሽ፣ ላሟ እርጉዝ ናትና። አንዱን ቀን ለሴትዮዋ፣ አንዱን ከተማውን ለማየት፣ አንዱን ለቤተ ክርስቲያን። ቤተ ክርስቲያን ባይኖርስ ብልሽ፣ በድልድዩ ላይ ቆሜ አባታችን ሆይ እላለሁ አልሽ። በሶ አስፈጨሽ። አጥብቀሽ የጠየቅሽኝ ሁለት ነገር ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ ወይ? ጣሊያን እዚያም አለ ወይ? ጾሙን እንጃ፣ ጣሊያን ግን የለም አልሁሽ። «እንግዲያ ይኸው ይበቃኛል» አልሽ። ከዚያ የቀረችሽን ባዘቶ ሁሉ አሟጠሽ ለሴትዮዋ ገጸ በረከት አንድ ልቃቂት ፈተልሽ። ጸጉር ይመስላል። እንደዚያ ቀጥኖ የወጣልሽ ክር አይቼ አላውቅም።

የይለፍ ወረቀቱን ከጣሊያን ምሽግ እኔ አመጣለሁ እያልሁ ቀኑን ገፋሁት። ለፋሲካ እውነቱን ልነግርሽ፣ አንቺም በእንዝርት ልታሳድጂኝ፣ ከዚያ አብረን ልንስቅ ነበር ሐሳቤ።

ግን መንገደኛ ሳይታረቅ አይወጣም። ነጠላሽን አደግድገሽ ቤት ለቤት ዞርሽ፤ ወዴት እንደሆነ ሳትናገሪ፣ መንገድ አለብኝና በደልሁህ፣ በደልሁሽ፣ ይቅር በሉኝ እያልሽ። ከጎረቤታችን ከብርቄ ጋር በአንዲት ዶሮ ሰበብ ሰባት ዓመት እግዜር ይመስገን አልተባባላችሁም። ድንጋይ ተሸክመሽ ደጇ ቆምሽ። ብርቄ ድንጋዩን ከትከሻሽ አውርዳ፣ «ውይ! እኔ ልሸከመው የሚገባኝን!» ብላ አንገትሽ ላይ ተጠመጠመች። እኔ ከአጥሩ ኋላ ሆኜ ሳቄን በጋቢዬ አፍኛለሁ።

በመጨረሻ ወደ እኔ መጣሽ። ከጡት ጀምሮ ያሳደግሽኝ አንቺ፣ «በቁጣም በዱላም የበደልሁህ ቢኖር ይቅር በለኝ» አልሽኝ። እኔ እንደ ጳጳስ እጄን ዘርግቼ «ይፍታሽ» አልሁ። ሳቅሽ። በጉልበቴ ወድቄ እኔንም ማሪኝ ማለት ነበረብኝ። አላልሁም።

በሳምንቱ ተስቦ ያዘሽ። በዘጠነኛው ቀን ሄድሽ።

ለመግነዝ የሚሆን ጨርቅ በአገሩ አልተገኘም። ከሣጥንሽ ያንኑ አቡጀዲ አወጣን። ብርቄ በገዛ እጇ ገነዘችሽ።

አሁን አገሩ ሁሉ መሞቷን አውቃ ተሰናበተች፣ ጻድቅ ነበረች ይላል። ቄሱም በተዝካርሽ ላይ ይህንኑ ተናገሩ። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ ሐዘን ብቻ መሰላቸው። ብርቄ በየጠዋቱ መጥታ ላሟን ታልብልኛለች። «ሳንታረቅ ሞታብኝ ቢሆን ኖሮ» እያለች ታለቅሳለች። እውነቱን ብነግራት ዕርቃችሁን የማፈርስባት ይመስለኛል። ባልነግራት ደግሞ ባታለልሁሽ ነገር እየተመሰገንሽ፣ እኔ ዝም ብዬ ወተቱን እጠጣለሁ። እታለም፣ ወተቱ አልወርድ አለኝ።

ስለዚህ ቆርጫለሁ። ልቃቂትሽን ለሸማኔ አልሰጠውም። ጣሊያን ወጥቶ መንገድ ሲከፈት ይዤው እሄዳለሁ፤ ሦስት ቀን ብቻ። ክርሽን ለዚያ መኪና አሳየዋለሁ፤ እጅ እንዲህ ይፈትላል እለዋለሁ። በድልድዩ ላይ ቆሜ ያንቺን አባታችን ሆይ አደርስልሻለሁ። በየደረስሁበት ስምሽን እጠራለሁ፤ ፈታይ እህት ነበረችኝ እላለሁ።

መንገደኛ ነኝና እኔም መዞር አለብኝ። የምጀምረው ካንቺ ነው። ያን ድንጋይ ብርቄ ደጇ ላይ መቀመጫ አድርጋዋለች። ይህን እንደጨረስሁ ሄጄ አነሣዋለሁ። ወዴት ልትወስደው ነው ማለቷ አይቀርም፤ ያኔ ሁሉንም እነግራታለሁ። ከዚያ ተሸክሜው ወደ መቃብርሽ እወጣለሁ። የሚያወርድልኝ እንደሌለ አውቃለሁ። ትከሻዬ እስኪዝል እቆማለሁ።

መዘዘኛው ወንድምሽ