ማንም የማይወድቅበት መጽሐፍ

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ከመጻሕፍቱ ካርቶን ግማሹን ለአይጧ ተውሁላት። ምን ላድርግ፤ ትምህርት ቤቱ በውጊያው ተዘግቶ በከረመበት ጊዜ ቤተ መጻሕፍቱን የጎበኘች እሷ ብቻ ናት።

ርእሰ መምህሩ አቶ አድማሱ ጠዋት ጠርተው ለአምስተኛ ክፍል የታሪክ ምዕራፍ የሚያግዙ የልጆች መጻሕፍት እንድመርጥ አዘዙኝ። ልጆቹ ቤት ውለው ንባቡ ጠፍቶባቸዋል፤ መማሪያው ብቻውን አያነቃቸውም። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነበርሁ፤ አሁን የእሳቸው ሆኗል። ይሁን።

የማልፈልገው፦ ሥዕል የሌለው። አንድ ዓረፍተ ነገር ገጽ የሚሞላበት። ነገሥታቱን ደርድሮ ደርድሮ አንድ ገበሬ እንኳ የማያሳይ።

ስለ ድሮ ገበያ አንድ አገኘሁ፣ ሽፋን የለውም፤ ውስጡም እንቅልፍ ነው። ስለ እደ ጥበብ ምንም። "አባቶቻችን አገራቸውን እንዴት ጠበቁ" ለሚለው ንዑስ ርእስ ግን አንድ ሸጋ አለ። አባቱ በጠላት ተመትቶ ሲወድቅ ጠመንጃውን ስለሚያነሳ ልጅ ነው። ፊደሉ ጎላ ያለ፣ ሥዕሉ ባለ ቀለም። አይጧ እንኳ አልደፈረችውም። ነገ በሱ እጀምራለሁ።

እናኑ ታሳስበኛለች። ከመዘጋታችን በፊት ከክፍሉ አንደኛ አንባቢ ነበረች። ከተከፈትን ወዲህ አፏን አልከፈተችም፤ ስም ስጠራ እጇን ብቻ ታወጣለች። እናቷ ስንዱ፣ "ባሌ ምንይችል ለሥራ ቆላ ወርዷል" ትላለች። ዘንድሮ የሰው ባል የት ሄደ ተብሎ አይጠየቅም። እኔም አልጠየቅሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 20



መጽሐፉን አነበብሁላቸው። ልጁ ጠመንጃውን ሲያነሳ የኋላዎቹ አጨበጨቡ። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። "እስቲ የሚፎክርልኝ!" አልሁ። እኛ አገር የጀግና ታሪክ ተነግሮ ዝም ብሎ አይታጠፍም፤ አንዱ ይነሳና ይፎክራል። እኔም አምበር ከተማ ስማር እንዲሁ ነበር።

ሁለት ልጆች ተነስተው የቀልድ ፎከሩ፤ ተሳቀ። ከዚያ እናኑ ተነሳች።

"ዘራፍ! የምንይችል ልጅ!"

በዚያ በማውቀው የአንባቢ ድምፅዋ። የፉከራ ደንቡ ነው፤ የአባት ስም ይጠራል፣ የት እንደዋለ፣ ከማን ጋር እንደቆመ ይነገራል። እሷም አንድ በአንድ ተናገረች። አባቷ የወደቀበትን ወንዝ ስም ሳይቀር። አንዷ ትንሽ ልጅ ጨዋታ መስሏት እልል አለች። እኔ መጽሐፉን ይዤ ተገትሬያለሁ።

መስኮቱ ክፍት ነበር። ከአጥሩ ማዶ ወፍጮ ቤቱ ነው፤ ሴቶች ተሰልፈዋል። ስንዱ ከመካከላቸው ነበረች። ዱቄት እንደተነሰነሰባት ሮጣ ገባች፣ የልጇን አፍ በመዳፏ ይዛ አወጣቻት። እኔን ቀና ብላ አላየችኝም።

ቀትር ሳይሞላ ግማሹ ወላጅ መጥቶ ልጁን ወሰደ።

ሐሙስ፣ ጥር 21፣ ማርያም

ትምህርት የለም። ስንዱ ቤት ሄድሁ። ግቢ ባትለኝስ እያልሁ ነበር፤ ግቢ አለችኝ። እናኑ ጓዳ ናት፣ አልወጣችም።

"ለቅሶ ሳልቀመጥ ነው የከረምሁት" አለች ስንዱ። "ነጠላዬን አላዘቀዘቅሁ፣ አርባውን አላወጣሁ። ልጆቼን የእገሌ ልጆች ብሎ የሚጠቁምብኝ እንዳይኖር ብዬ፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ። አንቺ በአንድ ቀን ጨረስሽው።"

አላወቅሁም አልኋት።

"ማን አውቂ አለሽ? ልጅቱን ፎክሪ ያላት ማን ነው?"



ጎረቤት ግራ ገብቶታል። ይመጣና ያልቅስ? ቢያለቅስ ማን ያየዋል? አንዲት ሴትዮ እስከ በሩ ድረስ መጥተው፣ ትንሽ ቆመው፣ "እንዴት ዋላችሁ" ብለው ተመለሱ። ስንዱ እሳቸው ሲመለሱ ነው ያለቀሰችው። ያለ ድምፅ።

እናኑ ሞጣ፣ የእናቷ እህት ዘንድ ልትሄድ ነው። ከዚያ ሰው ቤት ትገባለች፣ ለሠራተኝነት። የአምስተኛ ክፍል ልጅ! እኔ ጋ ትቀመጥ፣ እዚሁ ትማር ብዬ ለመንሁ።

"ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እዚህ ከተማ አታድርም" አለች።

ዓርብ፣ ጥር 22

ስንዱ ልጅቱን በጠዋቱ ሚኒባስ ወስዳ፣ ከሰዓት ብቻዋን ተመለሰች። በመስኮት አየኋት፤ ባዶ እጇን ነበረች።

ክፍሉ ሳስቷል። አቶ አድማሱ ቢሯቸውን ዘግተው "ያን ምዕራፍ እንዝለለው" አሉኝ። ተናደድሁ። ምዕራፉ ገበያ አለበት፣ ሸማኔ አለበት፣ የቆሎ ተማሪ አለበት።

"ታሪካችን ጦርነት ብቻ ነው እንዴ?" አልኋቸው።

"እሱን መጻሕፍቱን ጠይቂያቸው።"

ጥፋቱ የምዕራፉ ሳይሆን የእኔ ምርጫ ነው። ከካርቶኑ ሁሉ ያንን ያነሳሁ እኔ ነኝ፤ የሥዕሉ ቀለም ደስ ብሎኝ። ሞጣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ የልጆች መጻሕፍት ይሸጣሉ ሲባል ስለሰማሁ፣ ነገ ሄጄ ሌላ ላምጣ ብዬ አስፈቀድሁ። የምሄደው ለመጽሐፍ ብቻ አለመሆኑ ለአቶ አድማሱም አልጠፋቸውም። "መንገዱ ክፍት ከሆነ" አሉ።

ቅዳሜ፣ ጥር 23፣ ሞጣ

መንገዱ ክፍት ነበር። ደብረ ወርቅ ኬላ ላይ ቆመን ቆመን አለፍን።

ሻጩ ጋሽ ታደገ ይባላሉ። ደብተርና እስክሪብቶ ፊት ለፊት፣ መጻሕፍቱ ከኋላ።

"ማንም የማይወድቅበት የታሪክ መጽሐፍ አለዎት? ለልጆች።"

በመነጽራቸው አናት አዩኝ። "ልጄ፣ የየት አገር ታሪክ ነው የምታስተምሪ?"

ቀልድ መሰላቸው። ነገሩን ስነግራቸው በርጩማ ሰጡኝ። ሁለታችንም መጻሕፍቱን ከመጨረሻ ገጻቸው መፈተሽ ጀመርን። ወደቀ። ተሰቀለ። ቤቱ ተቃጠለ። እናቱ ከል ለበሰች። ወደቀ። እኔ ለልጆች ታሪክ ሳነብ ስንት ጊዜ እንደሚወደቅ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። አንዳንዱ ደግሞ በጣም ጥሩ ተጽፏል፤ ያ ነው የከፋው።

ሦስት ተረፈ። የጨው ነጋዴዎች ከነአጋሰሶቻቸው። ሸክላ ሠሪዋ፣ ሥዕሉ አስቀያሚ ነው፣ ንባቡ ግን ለልጅ ይቀላል። ቅኔ ሊማር ከቤቱ የወጣ የቆሎ ተማሪ፤ እሱን ውሻ ይነክሰዋል፣ አይሞትም። ሦስቱንም ወሰድሁ።

ከዚያ አክስትየዋ ዘንድ ሄድሁ። እማዋይሽ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት አላት። እናኑ ከጀርባ ብርጭቆ ታጥባለች።

"ሰው ቤት አግኝቼላታለሁ፣ ሰኞ ትገባለች" አለች እማዋይሽ።

እዚሁ ትምህርት ቤት አስገቢያት፣ ግማሽ ቀን ተምራ ግማሽ ቀን ታግዝሽ አልኋት።

"አንቺን ሰምታ አይደል እዚህ የደረሰች?"

እውነቷን ነው። ሆኖም አልሄድሁም። እናኑ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የአንቺ አይደለም አልኋት። ማጠቧን ቀጠለች። ሦስቱን መጻሕፍት አሳየኋትና ለክፍሉ የቱን ላንብብ ብዬ ጠየቅኋት። እርጥብ ጣቷን በጨው ነጋዴዎቹ ላይ አሳረፈች።

ውጭ ስወጣ እንባዬ መጣ። መንገድ መሃል፣ ሰው እያየኝ፣ እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

እሑድ፣ ጥር 24

የምታውቀኝ አስተማሪ ቤት አድሬ ተመለስሁ። ኬላ ላይ ውረዱ ተባልን። ፈታሹ ወጣት ነው፣ ምናልባት የተማሪነት ዕድሜው አላለፈም። ቦርሳዬን ከፈተ።

"ምንድን ነው?"

"የልጆች ታሪክ።"

ጠመንጃ ያለበት ሥዕል የሚፈልግ መሰለኝ። ገጹን ገለጠ፣ ገለጠ። የጨው ነጋዴዎቹ ላይ ሲደርስ ቆሞ ያነብ ጀመር። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። "በረሃውን ተሻገሩት?" አለኝ። ተሻገሩት አልሁት። መለሰልኝ።

ያን ሸጋ መጽሐፍ ይዤ ቢሆንስ ኖሮ? ማሰብ አልፈልግም።

ሰኞ፣ ጥር 25

የጨው ነጋዴዎቹን አነበብሁ። መስኮቱን ዘግቼ።

ስጨርስ አንዱ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ጀግናው የቱ ነው?"

"ጨው ይዞ ቤቱ የገባው።"

"በቃ?"

"በቃ።"

ቅር አላቸው። ሁለቱ አንቀላፍተዋል። ልጅ በታሪክ ክፍለ ጊዜ ሲያንቀላፋ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው። ከቀሩትም ጥቂቶቹ ዛሬ ተመልሰዋል፤ አቶ አድማሱም በበሩ አይተው አለፉ። የእናኑ ቦታ ላይ ማንም አልተቀመጠም።

ከክፍል ስወጣ ስልኬ ጮኸ። እማዋይሽ ናት።

"መንገድ ላይ ቆመሽ ስታለቅሺ አይቶ፣ መንደሩ ሁሉ ያቺን አስተማሪ ምን አደረግሻት እያለ ጨረሰኝ። ዛሬ ትምህርት ቤት አስመዘገብኋት። አሁን ደስ ይበልሽ!" አለችና ስልኩን ለሌላ ሰው ሰጠች።

"ቲቸር" አለ ድምፁ።

እናኑ! ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። ሰው ቤት አልገባችም። ደብተር ተገዝቶላታል። ጠዋት ጠዋት ትማራለች። እግዚአብሔር ይስጥሽ እማዋይሽ፣ ሺ ጊዜ ብትሰድቢኝም።

"ቲቸር፣ እዚህም እዚያው ምዕራፍ ላይ ናቸው። ያው መጽሐፍ ነው፣ ጠመንጃውን የሚያነሳው ልጅ። ነገ ይነበባል አሉን።"

"ራሴን አመመኝ ብለሽ ውጪ" አልኋት። ልጅ ዋሺ ብዬ ሳስተምርም የመጀመሪያዬ ነው።

"እሺ" አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ "ባልወጣስ?"

አባቷ ነው። እናቷ እንኳ ያላለቀሰችለትን አንድ ጊዜ ቆማ ጠርታዋለች፤ ዝም በይ ብዬ እንዴት ልድገምላት? ዝም ካላለች ደግሞ ከሞጣ ወዲያ የት ትላካለች?

ለጋሽ ታደገ እየደወልሁ ነው፣ የእናኑን አዲስ አስተማሪ ያውቁት ይሆናል፤ ሌላ መጽሐፍ እንዲያነብላቸው ቢነግሩልኝ። ስልካቸው አልነሳ ብሏል። እንደገና ልሞክር።