የሦስተኛው ቀረጻ ስንጥቅ

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡40

ለደብተሬ። ወደ ሂትሮው ኤርፖርት ሥራዬ ከመውጣቴ በፊት በትራምፔቴ ሃያ ደቂቃ ከንፈር ማሟሻ። ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ። ይደብድብ። ነገ ካምደን ስቱዲዮ ቀረጻ አለን። አምስት ሰው፣ አንድ ክፍል፣ ሁሉም በአንዴ፣ እንደ ድሮዎቹ የቢባፕ ጃዝ ተጫዋቾች። ለንደን ከገባሁ ወዲህ ስሜ የሚጻፍበት የመጀመሪያ ሸክላ።

ትናንት ያንን አሮጌ ሸክላ ደግሜ ሰማሁ፣ ከአዲስ አበባ በሻንጣ ያመጣሁትን። ሁለተኛው ዙር ላይ ትራምፔተኛው፣ ነፍሱን ይማርና፣ ድምፁ ይሰነጠቅበታል። እዚያ ስደርስ ሁሌ ፈገግ እላለሁ። ድራመራችንና አለቃችን ማርቲን ደግሞ ለዚያች ስንጥቅ ሊሰግድላት ምንም አይቀረው።

ረቡዕ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ተናድጃለሁ። ሁዳዴ ነው፣ እስከ 9 ሰዓት ውሃም የለም። ቀረጻው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተጀመረ። ማርቲን ቁርስ በልተሃል ወይ ሲለኝ አዎ አልኩ። ጾም አይወራም ተብዬ ነው ያደግኩት።

የመጀመሪያው ቀረጻ ደህና፣ ግን ሕይወት የለውም። ሁለተኛው ላይ ሳክስፎኑ ሳተ። ሦስተኛው እሳት ነበር፣ ሁላችንም አወቅነው። መጨረሻው ዙር ላይ የደረቀ ከንፈሬ ከዳኝ፤ ድምፄ ተሰነጠቀ። ማርቲን ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ አይዞህ፣ ዕድሜ ነው አለ። ዕድሜ። አፌ ውስጥ ምራቅ እንኳ አልነበረኝም።

ዓርብ፣ ማታ 1 ሰዓት

ማርቲን የቀረጻውን ፋይል ላከ። ከመጀመሪያው ቀረጻ ስምንት ባር ዜማ ቆርጦ ሦስተኛው ላይ፣ ስንጥቄ ቦታ፣ ለጥፎታል። ሳይጠይቀኝ። ደወልኩ። ማንም አይለይም አለ። እኔ እለያለሁ። የሞተ ሰው ሲሳሳት ጥበብ፣ እኔ ስሳሳት መቀስ።

ሐና መጣች፣ ልጄ፣ እዚሁ የተወለደች። ሰማችውና «ፐርፌክት ነው አባዬ» አለች። ጮህኩባት። ምስኪን፣ ምን አጠፋች። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት።

«ጾም ላይ እንደሆንክ ነግረኸዋል?»

አልነገርኩትም።

«ታዲያ እሱ በምን ይወቅ? በልቻለሁ ያልከው አንተ ነህ።»

እውነቷን ነው። ይሄ ከማርቲን የባሰ አናደደኝ። እራት ሳልበላ ልተኛ ነው፣ እንደ ሕፃን አኩርፌ።

እሁድ፣ ከቤ/ክ መልስ

የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። ለዚያ ቀን ውሃ ብትጠይቀኝ እፈቅድልህ ነበር አሉ። አለመጠየቄ ጽድቅ መስሎኝ ነበር። ኩራት ነው። ይሄን ለማንም አልናገርም፣ ላንተ ለደብተሬ ብቻ።

እሁድ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

በራሴም በማርቲንም ተናድጄ ጨረስኩ ስል እንደገና ፋይሉን ከፈትኩ። ያቺ ስምንት ባር፣ ጥርት ያለች፣ የጠገበ ሰው የነፋት የምትመስል። ሦስተኛው ላይ ግን ረሃቤና ጥማቴ ይሰማል። ለዚህ ነው እሳት የሆነው።

ጻፍኩለት፦ «ረቡዕ ጾም ላይ ነበርኩ። በልቻለሁ ያልኩህ ውሸት ነው፣ ይቅርታ። ሦስተኛውን እንዳለ፣ ከነስንጥቁ አውጣው። ካልሆነ ስሜን ከሸክላው ላይ አንሳ።» ሐና እንግሊዝኛውን አየችልኝ። ይቅርታውን እንዳልሰርዝ ስልኩን ቀምታ ራሷ ላከችው።

አንብቦታል። እየጻፈ ነው ይላል ስልኩ። አቆመ። እንደገና እየጻፈ ነው። ይጻፍ። እኔ ቃሌን አልመልስም፣ ስሜ ቢቀርም ይቅር፣ ትራምፔቱን አውጥቼ ያንን ዙር እንደገና ልነፋው ነው።