ደረጃ ላይ ናት

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6
ከሰዓት በኋላ

ለምትናፍቀኝ ልጄ፣

ባሕሩ እንዴት ይዞሃል? በላክኸው ፎቶ ላይ አንገትህ ቀጥኖ ታየኝ። የመርከቡ ወጥ ቤት ሠራተኛ እየረሳህ ከሆነ እናቴ ትመጣብሃለች በለው። በየትኛው እግሯ ብሎ እንዳይጠይቅህ ብቻ።

ይህን የምጽፍልህ ከቤታችን ወደ ታች በሚወስደው ደረጃ መታጠፊያ ላይ፣ በምግብ ጠረጴዛችን ወንበር ተቀምጬ ነው። ወረቀቱን ይዤ የወጣሁት ሆስፒታል አባትህ አልጋ አጠገብ ሆኜ ልጽፍልህ ነበር። ስልክ ላይ ድምፅህን ስሰማ ደኅና ነኝ ከማለት ሌላ አይወጣኝም።

መርከባችሁ ወደብ ደርሳ የደወልክ ጊዜ «ጉልበቴን ተሻለኝ፣ ሕመሙ ለቀቀኝ» ብዬህ እንዴት ደስ እንዳለህ ታስታውሳለህ? አልዋሸሁህም፣ እውነትም ለቆኝ ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ የሆቴል አንሶላ ስተኩስ የቆምኩባቸው፣ ደረጃ ስወርድ የሚያስጮኹኝ ጉልበቶች ጸጥ አሉ። ቅባቱ ሠራ ብዬ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁ። ለካ ጸጥ ያሉት እኔ ስለተቀመጥኩ ነው። መጀመሪያ ገበያ መውረድ ተውኩ፤ የበያጁ ሚስት ታመጣልኝ ጀመር። በያጁን ታውቀዋለህ፣ ከእኛ በታች የሚኖረው፣ ሲያወራ ሕንጻው በሙሉ የሚሰማው። ቀጥሎ ልብስ ማስጣት ተውኩ። በመጨረሻ አባትህን ሆስፒታል ሄዶ መጠየቅ ቀረ። ዛሬ ያመኛል፣ ነገ እሄዳለሁ እያልኩ ነው እንጂ አንድም ቀን እተዋለሁ ብዬ አልተነሣሁም።

አባትህ ስትሮክ ከመታው ወዲህ ከእኔ እጅ ካልሆነ መብላት አይወድም። ነርሷ ማንኪያውን ስታቀርብለት ፊቱን ወደ በሩ ያዞራል አለችኝ። በዚያ በተኮላተፈ አፉ «ቀልጣፋዬስ?» ይላታል። ወጣት ሳለን ያወጣልኝ ስም ነው፣ አውቶቡስ ላይ ሁልጊዜ ቀድሜው ስለምወጣ። እሷም «ደረጃ ላይ ናት፣ እየመጣች ነው» ትለዋለች፤ ያኔ አፉን ይከፍታል። በየቀኑ ትለዋለች፣ በየቀኑም ያምናታል። ስትነግረኝ ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አለቀስኩ።

ባለፈው ሳምንት በቃ ልሂድ ብዬ ብድግ አልኩ። ጉልበቴን አላመመኝም፣ ግን እግሬ አልታዘዝ አለኝ። በሩ ጋ እንኳን ሳልደርስ ግድግዳ ይዤ ቀረሁ። ነርሷ ይህን ስትሰማ እንቅስቃሴ የምታሠራ ባለሙያ ቤት ድረስ ላከችልኝ። ልጅቷ ከወንበር እንድነሣና እንድቀመጥ አድርጋ፣ ጭኔን ዳሰስ ዳሰስ አደረገች።

«እማማ፣ ሕመሙ የጠፋው ጉልበትዎ ድኖ አይደለም፤ ስለማያሠሩት ነው» አለችኝ። «እያመመዎትም ቢሆን ትንሽ ትንሽ መሄድ ነበረብዎት። አሁን ጭንዎ ላይ የሚሸከምዎት ሥጋ የለም።»

ታዲያ ማን ነገረኝ? ሰው ሲያመው ዕረፍ ነው የሚባለው፣ እኔም ዐረፍኩ። በጣም ተናድጃለሁ ልጄ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ከሠሩት ይመለሳል፣ ወራት ይፈልጋል አለች። አባትህ ደግሞ ወራት የለውም።

ትናንት ነርሷ ደውላ ማንኪያውን ጨርሶ እምቢ ማለቱን ነገረችኝ። ዛሬ ነገ ሳይሉ ይምጡ አለችኝ። ስለዚህ ዛሬ በያጁና ወንድሙ ከነወንበሬ ተሸከሙኝ። አባትህ ቢያየኝ ንግሥት ሆንሽ እንዴ ብሎ ይስቅብኝ ነበር። መታጠፊያው ላይ ወንበሩ ከግድግዳውና ከመደገፊያው ብረት መሃል ተቀረቀረ፤ ወንድምየው አዳልጦት ሁላችንም ልንንከባለል ስንል በያጁ በጀርባው ደግፎ አስቀረን። ወገቡን ይዞ ቁጭ አለ። በራሴ እወርዳለሁ ብዬ ተነሣሁ። አንዱን ደረጃ ስረግጥ ያ የድሮው ሕመም ተመለሰ፤ አታምነኝም፣ ደስ አለኝ። ወዲያው ጭኔ ከዳኝና አፋፍሰው ወንበሩ ላይ መለሱኝ። ወንድምየው ተጨማሪ ሰው ሊጠራ ሄደ። በያጁ ታክሲው እንዳይሄድብን ታች በሩ ላይ ቆመ።

እየጻፍኩልህ ሳለ ስልኬ ደጋግሞ ጮኸ። ከሆስፒታሉ ነው። አላነሣሁትም፤ አንተን ጀምሬህ ነበርና። ቀጥሎ የበያጁ ስልክ ታች ሲጮህ ሰማሁ፤ እኔን ሲያጡኝ እንዲደውሉለት ቁጥሩን ለነርሷ ሰጥቻት ነበር። ማንሣቱን አንሥቷል፣ ግን ድምፁ አይሰማም። ታክሲው ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።

አሁን በያጁ ወደ እኔ እየወጣ ነው፣ ቀስ እያለ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ። ወገቡን ስላመመው ይሆናል። እኔም አልጠይቀውም፣ መጀመሪያ ደብዳቤዬን ልጨርስ።

ፈጣሪ ባሕሩን ያረጋጋልህ። እግርህን ይጠብቅልህ፣ እያመመህም ቢሆን ሂድበት። በሄድክበት ሁሉ በሩ ላይ የሚጠብቅህ ሰው አይጥፋ።

አንድ ቀን ስለ ዛሬ ስታስብ፣ እናቴ የት ነበረች ማለትህ አይቀርም። ነርሷ አልዋሸችውም ልጄ። ደረጃ ላይ ነበርኩ።

እናትህ