ክሊኒኩ ሰማንያ ቀን አይጠብቅም

ታኅሣሥ 6፣ ረፋድ
የክትባት ቀን። ግቢው በሕፃን ለቅሶ ተሞልቷል፤ መርፌውን ሳያዩ ነጩን ልብሴን አይተው ነው የሚጮኹት። ከሐይቁ ማዶ በታንኳ የመጡም አሉ። መድኃኒቱ በበረዶ ሣጥን ነው፤ በረዶው እኩለ ቀን ላይ ያልቃል። ደብተሬ፣ ችኮላ ላይ ነኝ፣ አትቀየሚኝ።

ከሰዓት በኋላ
የቀበሌው ሊ/መንበር ጓድ ታደሰ እየሳቀ መጣ። ቀበሌያችን በእናቶችና ሕፃናት ጤና ለአርአያነት ታጭቷል! ከአውራጃ ኮሚቴ ይመጣል። ከተመረጥን ሽልማቱ የክትባት ፍሪጅ ነው፤ በላምባ የሚሠራ፣ የራሳችን! አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝም። ሪፖርቱን ጻፊ ተብያለሁ።

ታኅሣሥ 8
ሪፖርቱን ከየት ልጀምር? ከስሕተቴ። እናቶቹ ቀን ይጠፋባቸዋል፤ ስድስት ሳምንት ብላቸው ማን ይቆጥራል? ክርስትና ግን የሚረሳ የለም። እንግዲያው በክርስትናው ማግስት አምጡልኝ አልሁ። ብልህ የሆንሁ መስሎኝ! ወንዶቹ በአርባ ቀናቸው ከች። ሴቶቹስ? የእነሱ ክርስትና በሰማንያ ነው። የቄስ ልጅ ሆኜ ይህ እንዴት ይጠፋኛል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። አንዷ ሕፃን ሰባ ቀኗ ላይ በትክትክ ታማ መጣች፤ መርፌዋን ሳታገኝ። ስትስል ፊቷ ይጠቁራል። እግዜር አተረፋት። እኔ ስንት ቀን አለቀስሁ።

ታኅሣሥ 9
እነሆ የሪፖርቱ ቀጣይ ክፍል። ሴት የወለዳችሁ ቀድማችሁ ኑ ብላቸው እምቢ አሉ። ሰማንያ ሳይሞላት የምትወጣ አራስ የለችም። ስብሰባ ጠራን። ጓ/ ታደሰ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገረ። ለክትባት የመጣ ግን የለም። ቄስ ይባቤ ዘንድ ሄድሁ፤ የብዙዎቹ የንስሐ አባት ናቸው። መጀመሪያ ተቆጡ። ከዚያ ሳቁ። ሰማንያው ቤ/ክ ለመግባት ነው፣ ክሊኒኩ ሰማንያ ቀን አይጠብቅም አሉ። ከዚያ ወዲህ አራስ ቤት ጠበል ሊረጩ በገቡ ቁጥር የመርፌዋን ቀን ይናገራሉ። ደብሬ የምትባል እናት አማቷ ምች ይመታታል ብላ ብትከለክላት፣ ቄሱ ራሳቸው ጥላቸውን በሕፃኗ ላይ ዘርግተው እስከ በራችን አደረሷቸው። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ወጡ። ሁሉንም ጻፍሁ። ሦስት ገጽ ሆነ።

ታኅሣሥ 11
ጓ/ ታደሰ አነበበ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ፊቱ ተለወጠ። በአርአያ ቀበሌ ሪፖርት ቄስ ምን ይሠራል አለ። እሳቸውን አውጥቼ በሴቶች ማኅበር ቅስቀሳ የተገኘ ውጤት እንድል አዘዘኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሱም ልጅ የተከተበችው እኛው ዘንድ ነው። ፈርቷል። እኔም ፈራሁ። መዛወር አለ፣ ከዚያ የከፋም አለ። እንዳለኝ አድርጌ ገለበጥሁት። አፍሬያለሁ።

ታኅሣሥ 12
ቄስ ይባቤ ዘንድ ሄጄ ሁሉን ነገርኋቸው። ስምዎን አውጪ ተባልሁ፣ አወጣሁትም አልሁ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ሳቁ። «ስሜ ወረቀት ላይ ቢኖር ምን ይረባኛል፣ ልጄ? አንች ፍሪጁን አምጭልኝ እንጂ።» ከኪሳቸው ሎሚ አውጥተው ሰጡኝ፣ ሲያለቅሱ ጉሮሮ ይደርቃል ብለው። ምን ዓይነት ሰው ናቸው! እወዳቸዋለሁ፣ ደብተሬ። አባቴን ከቀበርሁ ወዲህ እንዲህ ልጄ ያለኝ የለም። ቀለለኝ። ፍሪጁ ይምጣልን፣ አለቀ።

ታኅሣሥ 14፣ ጧት 2 ሰዓት
ኮሚቴው በ3 ሰዓት ይገባል። ትናንት ደብዳቤ ደርሶናል። የተመረጠው ሪፖርት ተባዝቶ ለየቀበሌውና ለየገበሬ ማኅበሩ ይላካል፤ ሌላውም አይቶ እንዲሠራ። ሻዬ ቀዘቀዘ፤ አልጠጣሁትም። ሰባታሚት ወይ መራዊ ያለች አንዲት ጤና ረዳት ያንን ወረቀት ታነባለች። እንደ ተጻፈው ስብሰባ ትጠራለች፣ ትቀሰቅሳለች። አንዲት አራስ አትወጣላትም። ወንዶቹ በጊዜው ይከተባሉ። ሴቶቹ ይቆያሉ፣ አንዷን ትክትክ እስኪቀድማት። ነገሩ የሳቸው ክብር ብቻ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ለክብራቸው ይቅር አሉኝ። ለነዚያ ሕፃናት ግን ማን ይቅር ይበለኝ?

ሦስተኛውን ገጽ ቀደድሁት። አዲስ ጻፍሁ። ሴት ልጅ ስትወለድ አስቀድሞ ለእናቲቱ የንስሐ አባት ይነገር፤ በኛ ቀበሌ ይህን የጀመሩት ቄስ ይባቤ ናቸው። ከነማዕረጋቸው፣ በደማቁ።

ጓ/ ታደሰ ግቢ ውስጥ ባንዲራ ያሰቅላል። ማኅተሙ እሱ ኪስ ነው። ካላተመ ፍሪጁ ቀረ፣ ምናልባት እኔም እዚህ መኖሬ። ግን አልመልሰውም። መኪና ተሰማ። ሳይደርሱ ልስጠው። ቀለሙ እንኳ ገና አልደረ—